ከአራት ቦታ የተቀዳ መራራ ውሃ

አንድ ሰፈር ውስጥ ደብሪቱ የምትባል ጠላ ጠማቂ ነበረች። የእጇን ጠላ የሚያማ ሰው አልነበረም። ሥራ ስትይዝ ገሾ ማኘክ ትወዳለች፤ አንድ ቅጠል ጉንጯ ሥር ትሸጉጥና ጋኑን ስታጥብም፣ ብቅሉን ስታሰጣም ያንኑ ስታላምጥ ትውላለች። ውሃ ግን ቀምሳ አታውቅም። ሲጠማት የምትጠጣው ጠላዋን ነው፤ የምትጠምቅበት ምንጭ ደግሞ ከአያቶቿ ጀምሮ ደጇ ላይ ያለ ነውና ምን ብላ ትቀምሰዋለች?

አንድ ዓመት ያ ምንጭ ደረቀ። የደረቀውም ጊዜ መርጦ ነው። ደብሪቱ ከታላቅ ወንድሟ ከይርጋ ጋር ተኳርፋ ኖራለች። ኩርፊያው የተጀመረው በእናታቸው ተዝካር ዕለት ነው፤ ይርጋ እንግዳው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ ደረሰ፣ እሷም «አውቆ ነው» አለች፣ በዚያው ዓመታት አለፉ። አሁን ግን ሽማግሌዎች ገብተው፣ ይርጋ እቤቷ መጥቶ ከጠላዋ ጠጥቶ እንዲታረቁ ቀን ቆርጠዋል። ከእሱ ሌላ በሕይወት ያለ ዘመድ የላትም። ጠላው ከተበላሸ ይርጋ ምን እንደሚል ታውቃለች፤ «አተላ አጠጥታ ሰደደችኝ» ነው የሚለው።

ስለዚህ ጠላውን ከመጠንሰሷ በፊት ውሃ መረጣ ጀመረች። የጉድጓድ ውሃ አስቀድታ ቀመሰች፤ መረራት። የወንዝ ውሃ ቀመሰች፤ መረራት። ከቦኖ የመጣውም ያው ሆነባት። አንድ ቀን ያካፋውን ዝናብ ከጣራዋ አጠራቀመች፤ እሱም መራራ። «ይኼ እንኳ ከሰማይ የወረደ ነው፤ ማን ነክቶት መረረ?» እያለች ለብቻዋ ማውራት ጀመረች።

ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ «አፍልተሽ አቀዝቅዢው» አለቻት። አፈላችው። ጉድጓድ ቆፋሪው ደግሞ «ኧረ እንዳታፈዪው! ከሰል ጨምረሽ አሳድሪው» አላት። ከሰል ጨመረች። ውሃ ያጠራል የሚባለውን የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ወቅጣ ነሰነሰች፣ በነጠላ አጠለለች፣ ጨው ቆንጠር አደረገችበት። ሁሉንም በአንድ እንስራ ላይ ስላደረገችው የትኛው ምን እንደሠራ መለየት አቃታት። ቀምሳ ታስተካክላለች፣ አስተካክላ ትቀምሳለች፤ ምሬቱ ግን ንቅንቅ አይልም። መላው ሲጠፋት ለሽማግሌዎቹ «ውሃው አልሆነኝም፤ ቀኑ ይራዘምልኝ» ብላ ላከችባቸው።

ይርጋ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። በማግስቱ ደጇ ላይ ቆመ።

«ውሃ ነው ሰበብሽ?» አላት። «መታረቅ ካልፈለግሽ አልፈልግም በይ!»

«በመድኃኔ ዓለም፣ ወንድም ጋሼ! ውሃው መሮኝ ነው። እንካ፣ ራስህ ቅመሰው።» ገና ምንም ካልጨመረችበት የጉድጓድ ውሃ በጣሳ ቀድታ ሰጠችው።

ይርጋ ግማሹን ጠጣ። «የታለ ምሬቱ? ደህና ውሃ ነው።»

ደብሪቱ ጣሳውን ተቀብላ ከዚያው ተጎነጨች። መራራ ነው። ጭራሽ ግራ ገባት። ውሃው አንድ፣ ጣሳው አንድ፤ ታዲያ ምን መጣ? እሷ በልቧ «ሊያሾፍብኝ ነው» አለች፤ እሱም በልቡ «ዓይኔ እያየ ትዋሸኛለች» አለ።

ይርጋ ሊሄድ ዞር ሲል የእህቱ ጉንጭ ሲንቀሳቀስ አየና ቆመ።

«አፍሽ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ምንም። ገሾ ነው።»

«እስቲ ትፊውና ተጉመጥመጪ።»

ተፋችው። ተጉመጠመጠች፣ ደግማ ተጉመጠመጠች። ከዚያ ቀመሰች። ውሃው ውሃ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ደብሪቱ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። ያን ሁሉ የደፋችውን ውሃ አሰበች። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት። ከተዝካሩ በኋላ ይርጋ በትንሽ ቅል ማር ልኮላት ነበር። «በዚህች ሊያላግጥብኝ ነው» ብላ ሳትቀምሰው ለጎረቤት ሰጥታዋለች።

«ወንድም ጋሼ» አለችው ቀና ሳትል፣ «ያ የላክኸው ማር... ምን ዓይነት ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ፤ አልቀመስኩትማ» አላት። «ያን ዓመት ከቀፎው የወጣው እሱ ብቻ ነበር።»

ደብሪቱ አለቀሰች። ይርጋም መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ጠላ ሳይጠመቅ፣ ሽማግሌ ሳይሰበሰብ፣ በዚያው ጣሳ የጉድጓድ ውሃ እየተቀባበሉ ጠጡ።

ወዳጆቼ፣ ውሃውን ከመመርመራችን በፊት አፋችንን እንጉመጥመጥ፤ ሰውንም ከመመዘናችን በፊት በውስጣችን የምናላምጠውን ቂም እንትፋ። እኔን እስካሁን ግራ የሚያጋባኝ ግን አንድ ነገር አለ። ገሾ የለመደ ሰው ማኘኩን አያስተውለውም፤ ቢጠይቁትም «ምንም» ነው የሚለው። ታዲያ በምን ይወቀው? ምናልባት በዚህ ይሆናል፤ ጉድጓዱም፣ ወንዙም፣ ቦኖውም፣ ዝናቡም እኩል ከመረሩት፣ ውሃውን ማስተካከሉን ትቶ ወደ ራሱ ይመለስ።

እናንተስ፣ ሳትቀምሱ ለጎረቤት የሰጣችሁት ማር አለ?