ገመና ሸፋኙ አልጌ

ይህን ያጫወቱኝ አጥር የምንጋራቸው እትዬ አስካለ ናቸው። «ተረት ተረት» ቢሉኝ «የዓሣ ቤት» አልኳቸው።

በጨው ውሃ በተሞላ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ለስሟ የምትጠነቀቅ አንዲት ዓሣ ትኖር ነበር። ጥግ ላይ ያለው አረፋ አውጪ መሣሪያ ዓሣዋ የምትጥለውን እድፍ ከውሃው በአረፋ እየሳበ ሰው በሚያየው ኩባያ ያጠራቅማል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዓሣዋ በሐፍረት ድንጋይ ሥር ትገባለች።

«አንተ ለፍላፊ፣ ገመናዬን አደባባይ የምታሰጣው ምን አድርጌህ ነው?» አለችው።

«እመቤት፣ እኔ ካላወጣሁት መልሰሽ የምትተነፍሺው አንቺው ነሽ» አላት።

ይህን የሰማ አልጌ የሚሉት አረንጓዴ የውሃ በቃይ ከድንጋዩ ሥር ብቅ አለና፣ «እታለም፣ እኔ ገመና ሸፋኝ ነኝ። ብቻ ፍቀጂልኝ፣ አየር የሚስብበትን ቱቦ ወትፌ ዝም አሰኘዋለሁ» አላት። ፈቀደችለት።

አረፋው ቆመ፤ ኩባያው ባዶ ሆነ። ዓሣዋ ደስታዋን ሳትጨርስ ውሃው ከበዳት፣ ትንፋሽ አጠራት። አልጌው ከቱቦው ወደ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ወደ መስታወቱ ሲሳብ ብርሃኑ እየጠበበ መጣባት።

«ኧረ በቃህ፣ ታፈንኩ፣ ሰው ይየኝ» እያለች መስታወቱን በአፏ መታች።

«ምነው እታለም፣ ገና መሸፈን መጀመሬ እኮ ነው» አላት።

ዓሣዋ ሞተች። አረፋ አውጪው ቱቦው እንደተወተፈ ቀረ። አልጌው ገንዳውን ሞልቶ ይኖራል።