ለሦስት የመጣ አንድ ወንበር

በአንድ ወቅት፣ ከገጠር መጥተው በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ሦስት ልጃገረዶች ነበሩ፤ ውድነሽ፣ አንጓችና ትርንጎ። ስንቃቸው አንድ፣ መኝታቸው አንድ ነበር። በዚያ ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና የወደቀ ዳግም አይፈተንም፤ ወደ ቀዬው ይመለሳል።

ውድነሽ ከክፍሏ ተማሪዎች አንደኛ ነበረች። ሁለቱን ሒሳብ ያስጠናቻቸውም እሷ ናት። የሒሳቡ ፈተና እንደታደለ ግን አስሟ ተነሣባትና ከወንበሯ ተንሸራታ ወደቀች።

ፈታኙ ደነገጡ። «ክፍሉን ጥዬ መውጣት አልችልም። የሚወስዳት አለ? የወጣ ግን አይመለስም፤ ደንብ ነው» አሉ።

ትርንጎ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተነሣች። ጓደኛዋን አዝላ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። «ትንሽ ብትዘገዪ አትተርፍም ነበር» አለቻት ነርሷ። ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ምንም አልተሰማትም።

አንጓች ከወንበሯ አልተነሣችም። እናታቸው የሞተችባቸው ታናናሾቿ ከእሷ ሌላ ተስፋ የላቸውም። እስከ መጨረሻው ሠራች። በአንድ ጥያቄ ወደቀች።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ምናለ የትምህርት ቢሮውን ደጅ ጠንተው ወደ ልጆቹ ኪራይ ቤት መጡ። «ድጋሚ ለመፈተን የተፈቀደው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ለማን እንደሚሆን ራሳችሁ ተነጋግራችሁ ንገሩኝ» አሏቸውና ደጅ ወጥተው ቆሙ።

«እኔ ወድቄ አይደለም፤ ታምሜ ነው» አለች ውድነሽ። «ብፈተን እንደማልፍ ደግሞ ታውቃላችሁ።»

«እኔም ከትርንጎ ጋር ብወጣ ምን ይጨመርልሽ ነበር?» አለች አንጓች። «እኔ ፈተናውን ጨርሻለሁ። ያቺ አንድ ጥያቄም የጠፋችኝ አንቺ መሬት ላይ ስታቃስቺ ነው። ታናናሾቼ ጋ ምን ብዬ ልግባ?»

ከዚያ ሁለቱም ወደ ትርንጎ ዞሩ። ሳህን እያጠበች ነበር። አባቷ ሊድሯት ሽማግሌ ተቀብለዋል፤ የሚያገባትን ሰው አይታው አታውቅም። ይህንን ስትሰማም አላለቀሰችም። ከዚያ ፈተና ወዲህ ነገር ሁሉ ከሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ ሆኖባታል።

«ውጪ ብሎ ያዘዘኝ ሰው የለም፤ በራሴ ነው የወጣሁት» አለች።

አንጓች እፎይ አለች። «እንግዲያው ትተሽዋል ማለት ነው?»

«ትቼዋለሁ አላልኩም።»

ውድነሽ አንገቷን ደፋች። ሕይወቷን ያተረፈችላትን ልጅ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም፤ ወንበሩንም ለእሷ ይሁን ማለት አልቻለችም። አንጓች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትርንጎ ሳህኑን ማጠቧን ቀጠለች፤ ውኃው ይቀዝቅዝ ይሙቅ አታውቀውም።

አቶ ምናለ በሩን አንኳኩ። «እህ ልጆቼ፣ ማን ሆነች?»

እስቲ እናንተ መልሱላቸው፤ ልታልፍ ስትል ሕመም የቀደማት፣ ከወንበሯ ሳትነሣ ማለፍ ለጥቂት ያመለጣት፣ ወይስ ፈተናዋን ጥላ ሰው ያዳነች? ወንበሩ ለማን ይገባል?