ማሽኑ የማያውቃት ሠራተኛ

አንዲት የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ ቆዳ በኖራ ስታጥብ ከርማ የጣቶቿ አሻራ ተልጦ አለቀ። ሠራተኛ ሲገባ የሚመዘግበው የአሻራ ማሽንም አላውቃትም አለ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደርበው ታዲያ «አራት ወር ሙሉ ቀርተሻል» ብለው አባረሯት!

ችሎት ፊት የሠራተኛ ማኅበሩ ጠበቃ ጠየቃቸው።

«ግን በየማለዳው ያዩዋት አልነበረም?»

«አያታለሁ እንጂ! አርፍደሻል ብዬም ተቆጥቻታለሁ። ዓይን ግን ይሳሳታል፤ ማሽን አይሳሳትም።»

ሴትዮዋ የጠበቃውን ኮት ጎትታ አስቀመጠችውና ብድግ አለች።

«ክቡር ዳኛ፣ እውነታቸውን ነው። እስቲ እሳቸውም አራት ወር በእኔ ቦታ ቆዳ ይጠቡ። ከዚያ ማሽኑ ‹እንዲህ የሚባል ሥራ አስኪያጅ አላውቅም› ካለ፣ ማሽን አይሳሳትምና ተከትለውኝ ይውጡ።»