የጭልፊት አፋፍ ባለ አንድ ዓይን ወፎች

በጭልፊት አፋፍ ሕፃናት ሥዕል የሚጀምሩት በወፍ ነው፤ የሚሥሉትም ወፍ ሁሉ አንድ ዓይን ብቻ አለው። ያየ እንግዳ «ምነው ሁለተኛውን ረሱት?» ማለቱ አይቀርም። አልረሱትም፤ ወጉ ከአለቃ ምናሴ ዘመን የመጣ ነው ይባላል።

እንደሚነገረው አለቃ ምናሴ እጃቸው የተባረከ፣ ልባቸው ግን እንደ ጭንጫ የደረቀ የደብሩ ሠዓሊ ነበሩ። አገረ ገዢው ፊታውራሪ አሰጌ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን በሥዕል እንዲሞላ ባዘዙ ጊዜ፣ ሥራው ለአንድ ሰው የሚገፋ አልነበረምና አለቃ ሰባት ሕፃናት ሰብስበው፣ ከሰል አስጨብጠው የገነትን ወፎች ያስጠኗቸው ጀመር። ትምህርታቸው አጭር ነበር። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ሰይጣንና ወገኖቹ ግን ፊታቸው በጎን ዞሮ በአንድ ዓይን። የገነት ወፍም ከጻድቃን ወገን ነውና ሁለቱም ዓይኖቹ ይታዩ። የሳተ ልጅ ጣቱን በአርጩሜ ይገረፋል።

ከሰባቱ ታናሿ የመበለቲቱ የደብሪቱ አንድዬ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ አንጓች ነበረች። የሌሎቹ እርግብ ጉጉት ጉጉት ሲል የእሷ ብድግ ብሎ ሊበር ይደርሳል፤ ዓይኑ ግን አንድ ነው። አለቃ ሁለተኛው የት አለ ቢሏት «በዚያ በኩል ነው፣ የኔታ» አለች። ተገረፈች፤ በማግስቱም ያንኑ ሣለች። እልኸኛ ሆና አይደለም፤ ያየችውን ከመሣል ሌላ አታውቅም።

አለቃ እንዳያባርሯት ለግድግዳ የሚበቃው የእሷ ወፍ ብቻ ሆነ፤ እንዳይተዉዋት ፊታውራሪ አንድ ዓይና ወፍ በገነት ካዩ «ተዘባበተብኝ» ብለው ከመሬታቸው ይነቅሏቸዋል። ስለዚህ የልጅቱን ግራ ዓይን በእርጥብ ጠፍር አሰሩና ወፉን በሁለት ዓይን እስክትሥል እንደማይፈታ ማሉ። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ እንደሚጠብቅ ብራና ሲወጥሩ የኖሩት አለቃ ያውቁ ነበር። ደብሪቱ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ ጎረቤቱ ግን በመምህር ሥራ አይገባም ብሎ ጎትቶ አነሣት።

ሰባት ሳምንት አለፈ። ልጅቱ እያለቀሰች ሣለች፤ የሣለችው ሁሉ ባለ አንድ ዓይን ነበር። የምረቃው ቀን ሲደርስ አለቃ ሌላ አልነበራቸውምና በሸማ ላይ የሠራቻቸውን ወፎች ግድግዳው ላይ ለጠፉ።

ፊታውራሪ መጡ። በቀጥታ ከግርጌ ወዳለው ወደ ራሳቸው ምስል ሄዱና አፍንጫቸው ማጠሩን ተናገሩ፤ ወደ ግብር አዳራሹም ወጡ። ቀና ብለው አንድም ወፍ አላዩም።

ጠፍሩ ሲፈታ የአንጓች ዓይን እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጥቶ ተገኘ። ያን ጊዜ አለቃ እንደ በዳይ ወግ ድንጋይ ተሸክመው ለይቅርታ ደብሪቱ ደጅ ቆሙ። ደብሪቱ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ልጅቱ ግን ወጥታ፣ በቀረው ዓይኗ ልታያቸው አንገቷን ወደ ጎን አዞረች።

«የኔታ፣ አሁን እኔም የሰይጣን ወገን ነኝ?»

አለቃን ድንጋዩን ያውርዱ ያላቸው እንደሌለ፣ እንደተሸከሙትም ከአገር እንደወጡ ሽማግሌዎች ይናገራሉ።

ዛሬም በጭልፊት አፋፍ ልጅ የመጀመሪያ ወፉን ሲጨርስ መምህሩ ተነሥቶ፣ ሸክም እንዳለበት ሰው አጎንብሶ ፊቱ ይቆማል። «ቀና በሉ» የሚለው ልጁ ነው። አንዳንዱ ልጅ ይህን ሳይል ወደ ቤቱ ይሄዳል።