የጠፍሩ ልክ

ቤት ለመሥራት የተነሣ አንድ ሰው ነበረ፤ አሉ አያ ጓንጉል፣ የሰው ጉድለት እስከ ምን ድረስ እንደሚታለፍ ለጠየቃቸው ገበሬ።

ሰውየው ያደገው በሰው ግድግዳ ላይ በተደገፈች ዳስ ውስጥ ነው። ዝናብ ሲመጣ ቆሞ ያሳልፍ ነበር። ስለዚያ ብዙ አያወራም። ብቻ የራሱን ቤት ሲሠራ አንዲት ጣት እንዳታጎድል ምሎ ነበር።

ቤቱ እስኪያልቅ ከነሚስቱ አማቱ ዘንድ ተጠግቷል። ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ ይወጣል፣ ሳይጠግብ ጠግቤአለሁ ብሎ ከገበታ ይነሣል። ክረምቱ ሳይገባ ጣራውን ካልከደነ እስከ መስከረም እንዲሁ ሊኖር ነው።

መለኪያው አሥር ክንድ ሆኖ የተቆረጠ የቆዳ ጠፍር ነበር፤ አጥር ላይ ይሰቅለዋል። ጧት በጤዛ ቢለካ ግድግዳው ሦስት ጣት አጠረበት። አናጢውን ቋሚዎቹን አስነቅሎ ራቅ አድርጎ አስተከለው። ቀትር ላይ ቢለካ ሦስት ጣት ረዘመበት። እንደገና አስነቀለው። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቱ ቋሚ እየገፋ ነው ብሎ ጠረጠረና በትር ይዞ ግድግዳውን ሲጠብቅ ዋለ።

በአምስተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ። ያን ቀትር ግድግዳው ረዝሟል ሲባል አናጢው ጠፍሩን ከጭቃው ውሃ ነከረና መልሶ ዘረጋው። ረዥም የተባለው ግድግዳ እዚያው አጠረ።

«ወንድሜ» አለ አናጢው፣ «ቤቱስ ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ ሲረጥብ የሚረዝመው፣ ሲደርቅ የሚያጥረው ጠፍርህ ነው። ሦስት ጣት ቢጎድል ደግሞ ምርጊቱ ይውጠዋል። የዘመመ የበር መቃን ግን ምርጊት አይውጠውም፤ በሩ አይዘጋም። እሱን አንድ ቀን እንኳ አልለካኸውም።»

ሰውየው ሄዶ አየ። መቃኑ ስንዝር ሙሉ ዘምሟል። የተከለውም እሱ ራሱ ነበር፤ ማንንም ስላላመነ።

ያን ብቻ ነቅሎ አቃና። ጣራው ተከደነ። አማቱ ሊጎበኙ መጥተው ግድግዳውን ቀና ብለው እንኳ አላዩም። በሩን ከፈት ዘጋ አደረጉና፣ «ይዘጋል» ብለው ተቀመጡ።

አያ ጓንጉል ወደ ገበሬው ዞሩ።

«አንተም ልጄ፣ ያለህ አንድ በሬ ነው፤ በሬውን ከበሬህ ጋር ከሚያቀናጅ ሰው ካልተስማማህ አታርስም። በአንድ ዓመት ሦስት ሰው አባረርህ። አንዱ ያረፍዳል፣ አንዱ ያወራል፣ አንዱ እያፏጨ ያርሳል አልህ። ይህን ምርጊቱ ይውጠዋል። በሬህን ደብድቦ፣ ድንበርህን ገፍቶ ቢሆን ያ የበር መቃን ነው፤ እንዳታልፈው። ግን ጠግበህ ስትወጣና ተርበህ ስትመለስ ሰውን በአንድ ልክ መለካትህን አስቀድመህ እይ።»

ገበሬው አንገቱን አከከ። «የሚያፏጨውስ በሬው ደኅና ነበር» አለ።

«እንግዲያው መሬቱ ሳይደርቅ ሂድና ጥራው» አሉ አያ ጓንጉል። «ፉጨቱን በሬዎቹ ከቻሉት አንተም ትችለዋለህ።»