ሦስት ቋጥኝ፣ አንዲት ጭላንጭል

በአንድ ወቅት፣ መርካቶ ሸራ ተራ ውስጥ፣ አጥናፉ የሚባል ሸራ ሰፊ ነበር። ሳምንቱን የጭነት መኪና ሸራ ሲሰፋ ይሰነብትና እሑድ ሲሆን ልጆቹን ይዞ ከከተማ ይወጣል። ወደ ዘመድ አይደለም፣ ወደ ጠበልም አይደለም፤ ቋጥኝ ሊወጣ ነው። ገመድ አይዝም፣ ብረት አይዝም። ከሰው ቁመት ሁለት ሦስት እጥፍ የሚሆን ድንጋይ ይመርጥና በጣቱና በእግሩ ጫፍ ተንጠላጥሎ ይወጣዋል። እላይ ሲደርስ የሚያገኘው ምንም የለም፤ ትንሽ ቁጭ ይላል፣ ይወርዳል። ትውልዱ የገደል ዝንጀሮ አገር መንዝ ስለሆነ የሰፈሩ ሰው «ጭላዳው አጥናፉ» አለው፤ ስሙም በዚያው ጸናበት። እሱ ግን አይቀየምም። «ታዲያ ወድቆ የተሰበረ ጭላዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብሎ ይስቃል።

እናታቸው ካረፈች ወዲህ ልጆቹን ያሳደጋቸው በሸራና በድንጋይ ነው ማለት ይቻላል። ሲወድቁ የሚቀበላቸውን ፍራሽ ከአሮጌ ሸራና ከስፖንጅ ራሱ ሰፋላቸው። ሕግም አወጣላቸው፤ «ቋጥኙን የመረጠ ሥሩ ይቆማል» የሚል። ሰውን ወደ ድንጋይ የወሰደ ለአጥንቱ ተጠያቂ ነውና፣ መራጩ እጁን ዘርግቶ ከሥር ይቆምና የሚወድቀውን ወደ ፍራሹ ይመልሳል። የሚወጣው ሰው ዓይኑ ከድንጋዩ ስለማይነቀል ጀርባውን የሚጠብቅለትን አያየውም። ስለዚህ ወርዶ መሬት ሲረግጥ መጀመሪያ ዞሮ ከሥር የቆመለትን ሰው ፊት ያያል፤ «አየሁህ» ይለዋል። ምስጋናው ይኸው ነው። ይህ እስኪባል ድረስ ከሥር የቆመው እጁን አያወርድም።

አንድ ጊዜ፣ ልጆች ሳሉ፣ ሁለቱ ታላላቆች ተኳርፈው ሴቷ ልጁ ውብዓለም «አየሁህ» ሳትል ወርዳ ሄደች። ታላቅ ወንድሟ ሰይፈ እጁን እንደዘረጋ ተገትሮ ቀረ፤ እልኸኛ ነው። አባትዬው ሲያገኘው እጁን ገና አላወረደም ነበር። አጥናፉ ልጅቷን እጇን ይዞ መለሳት። «የሰው ሐቅ ነው» አላት። «ሳታዪው አትሄጂም።»

እንዲህ ሲኖሩ የአጥናፉ ዓይን ከዳር ከዳር መጨለም ጀመረ። መጀመሪያ የታወቀው ሥራው ላይ ነው፤ መርፌዋን ያያል፣ መርፌዋን የያዘውን የገዛ እጁን አያይም። ሲብስበት ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። «ግላኮማ ነው፤ ዘግይተዋል አባት» አለው ሐኪሙ። «የሄደው አይመለስም። የቀረውም ብዙ አይቆይም።» ያኔ አንዱ ዓይን ጨርሶ ጠፍቶ፣ ሌላው ዓለምን የሚያየው በቁልፍ ቀዳዳ የሚያጮልቅ ሰው በሚያየው ልክ ነበር። አፍንጫ ሲያይ አገጭ ይጠፋበታል።

አጥናፉ ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ፈርቶ ነበር፤ ጨለማውን ሳይሆን፣ ጨለማው ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚገባበት አለማወቁን። ከዚያ ሦስቱን ልጆቹን ጠራ።

«አንድ አንድ ቋጥኝ ምረጡልኝ» አላቸው። «ዓይኔ ሳይዘጋ አብረን እንዙር።»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ሦስቱም አንድ አባት ይወዳሉ፤ የመረጡት መንገድ ግን ለየቅል ሆነ።

በኩሩ ሰይፈ ሚኒባስ ነጂ ነው፤ ንግግሩ አጭር፣ ቁጣው ቅርብ። «መንዝ» አለ። «እምቢ ባይ ጋ።»

እምቢ ባይ አጥናፉ ከተወለደበት ቤት ጓሮ የቆመ ድንጋይ ነው። አጥናፉ ከልጅነቱ ጀምሮ ሞክሮት፣ ሁልጊዜ ከጫፉ በታች አንዲት ጠርዝ ላይ እጁ እየከዳው ወድቋል። ልጆቹ ይህን ታሪክ ሲሰሙ ነው ያደጉት። ውብዓለም «በዚህ ዕድሜው ልትሰብረው ነው?» አለች። ሰይፈ ፍራሹን ጭኖ ሞተሩን አስነሳ።

ሲደርሱ ጉም ነበር፤ ጠብቀው ሲገለጥ አጥናፉ ወጣ። እዚያችው ጠርዝ ላይ እጁ ከዳው፤ ሰይፈ ገፍቶ ፍራሹ ላይ ጣለው፤ ክርኑ ተላጠ። አጥናፉ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

«በቃኝ» አለ።

«አልበቃህም» አለ ሰይፈ። «ከሥር ያለሁት እኔ ነኝ።»

አጥናፉ በልጁ ድምፅ ውስጥ የራሱን የድሮ ድምፅ ሰማ። ማሰሪያውን መልሶ አሰረ። ዕድሜ ልኩን የከዳው እጅ በዚያን ቀን ያዘ። ጫፉ ላይ ተቀምጦ በዚያች የዓይኑ ቀዳዳ አገሩን ለቀመ፤ የተወለደበትን ቤት ጣራ፣ አባቱ እህል የወቃበትን አውድማ፣ ውሃ የቀዳበትን ምንጭ። ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ፤ የደስታ ለቅሶ ነው። ሲወርድ ግን ጉሙ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ዞረ፤ ነጭ ነገር ብቻ አየ።

«ሰይፈ?»

«እዚህ ነኝ፣ አባዬ።»

«አላየሁህም ልጄ። ቆይ፣ አይሃለሁ።»

ሁለተኛዋ ውብዓለም ናት፤ የጂኦግራፊ መምህርት፣ ረጋ ያለች። «ባቢሌ» አለች። በአንኮበር በኩል ወደ አዋሽ ወርደው፣ ሐረርን አልፈው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ወደቆመበት አገር ደረሱ። ከሰማይ የወረደ ሰው ደርድሯቸው የሄደ የሚመስሉ ቋጥኞች ናቸው፤ ትልቁ በትንሹ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አይወድቅም። ሰይፈ ፍራሹን ሊያወርድ ሲል ከለከለችው።

«እስኪመሽ አባዬ ያያል እንጂ አይወጣም» አለች።

«ለጉብኝት ነው እንዴ የመጣነው?»

«አዎ።»

ከንጋት ጀምሮ ከአባቷ ኋላ ቆማ፣ አገጩን በመዳፏ ይዛ፣ ፊቱን ቀስ እያለች አዞረችለት። «እዚህ ጋ ግመል ከነግልገሏ። አሁን ወደ ላይ፤ የወፍ ጎጆ፣ ሰማንያ ይሆናል። ወደ ግራ፤ ለውዝ የምትሸጥ ልጅ፣ ሻሿን እየው።» አጥናፉ የሻሹን ቢጫ ሲያይ ልቡ ደነገጠ፤ ቢጫ እንዲህ መሆኑን ረስቶት ነበር። የአንዱን ድንጋይ መልክ ብቻ ሲያነብ ረፋዱ አለቀ፤ ሮዝ ነው፣ ግራጫ ነው፣ እንደ ስኳር የሚያበራ ነጥብ አለበት። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይን የመያዣ ቦታ ሲፈልግበት እንጂ አይቶት አያውቅም ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንዲት ዝቅ ያለች ቋጥኝ ላይ አወጣችውና ከሥር እጇን ዘርግታ ቆመች። ሲወርድ ግን ያቺ ዓይን ቀኑን ሙሉ ደክማ በውሃ ተሞልታ ነበር። የልጁን ፊት ፈልጎ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን ብቻ አገኘ።

«ዓይኔ ጠግቧል፣ ውቤ» አላት። «አንቺን አላየሁሽም። ቆይኝ።»

ሦስተኛው ምንተስኖት ነው፤ የአባቱን ሙያ የያዘ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ሸራ የሚሰፋ። «ዱከም» ሲል ወንድምና እህቱ የሚቀልድ መስሏቸው ነበር። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር አቧራ የሚለብስ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባላል፤ ይሄኛው ስምም የለው። ምንተስኖት ከኪሱ የሸራ ቁራጭ አወጣ፤ ዳር ዳሩን በጥንቃቄ ሰፍቶታል። የአባቱን ዓይን ሊያስር ነው።

ሰይፈ ጮኸ። «ዓይኑ ሳይጠፋ ብለን ነው የመጣነው፤ አንተ ከቀኑ ቀድመህ ልታጠፋው ነው?»

አጥናፉም ተቆጣ። «ያለችኝን ቀን ልትወስድብኝ ነው፣ ምንቴ?»

«አዎ» አለ ልጁ፤ እንባው ይወርድ ነበር። «ያየኸውን ሁሉ ዓይንህ ሲጠፋ አትወጣውም፣ አባዬ። ይሄን ግን በእጅህ ከለመድከው ትወጣዋለህ። ከቤት ቅርብ ነው። እሑድ እሑድ አመጣሃለሁ።»

አጥናፉ የሸራውን ስፌት በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰጠ፤ ልጁ አሰረው።

ጠዋት ሙሉ ወደቀ። ተሳደበም፤ ያን ዕለት የተሳደበውን ስድብ ልጆቹ ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም። ወደ ከሰዓት ጣቶቹ ድንጋዩን መልመድ ጀመሩ፤ እዚህ ጠርዝ፣ እዚህ ጎድጓዳ፣ እዚህ ለአውራ ጣት ብቻ የምትሆን ቀዳዳ። ሊመሽ ሲል ማንም ሳይነግረው፣ ማንም ሳይነካው፣ ብቻውን ጫፉ ላይ ደረሰ። «ጭላዳው አልሞተም!» ብሎ ሳቀ። ከሐኪሙ ቃል ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ወርዶ ሸራው ሲፈታለት ግን ፀሐይ ገብታለች፤ ለዚያች ዓይን ድንግዝግዝ ማለት ሌሊት ማለት ነው። ከፊቱ የቆመውን ልጅ ትንፋሹን ሰማ እንጂ መልኩን አላገኘም።

«አንተንም አላየሁህም» አለው። «ጠዋት።»

ጠዋት ሆነ። አጥናፉ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ አልጋው ላይ ነቃና ዓይኑን ገለጠ። የቁልፍ ቀዳዳዋ የመርፌ ቀዳዳ ሆናለች። የበሩን መቀርቀሪያ ፈልጎ አገኘ። ከመቀርቀሪያው ተነስቶ ማጠፊያውን እስኪያገኝ ድረስ ግን ብርሃኗ ይበልጥ ቀጠነች። ያን ጊዜ ገባው። አንድ ፊት ከፈለገ ያገኛል፤ ጸጉሩን፣ ግንባሩን፣ አፉን አንድ በአንድ ለቃቅሞ ይሞላዋል። ሁለተኛ ፊት ለመፈለግ ግን የሚበቃ የለውም።

ልጆቹን ጠርቶ ነገራቸው። አልደበቃቸውም።

ሦስቱም ከአልጋው ግርጌ ቆሙ። መጀመሪያ ሰይፈ ተናገረ።

«እኔ ታላቅ ነኝ፤ መጀመሪያ የቆምኩልህም እኔ ነኝ። ሰው ዕድሜ ልኩን እምቢ ያለውን ነገር ሳይጨርስ ከጨለመበት፣ ጨለማው ውስጥ ሲታገለው ይኖራል። እኔ ከዚያ አወጣሁህ።»

ውብዓለም ቀጠለች። «እኔ ቀኑን ሙሉ ከኋላህ ነበርኩ፣ አባዬ። ዓለምን ሁሉ አሳየሁህ፤ ራሴን ብቻ አላሳየሁህም። አንድ ጊዜ ወደ ፊትህ ብዞር ኖሮ ባየኸኝ ነበር። ግመሏ እንኳ እንድታመልጥህ አልፈለግኩም።»

ምንተስኖት አንገቱን ደፋ። «እኔ ቀን ወሰድኩብህ» አለ። «ግን ነገ ጠዋት ስትነሳ የምትሄድበት አለህ። እነሱ የሰጡህ ትዝታ ነው። እኔ እሑድ ነው የሰጠሁህ።»

«ታዲያ አንተን ለምን በዓይኑ ያይሃል?» አለ ሰይፈ፤ በቁጣ ሳይሆን በእውነት እየጠየቀ። «በእጅ ማየት ያስተማርከው አንተ ነህ። ፊትህን ይዳስስ።»

ለዚህ በምንተስኖት ፈንታ ውብዓለም መለሰች። «ምንቴ ጺም ሲያወጣ አባዬ አላየውም። ዓይኑ የጠበበው ያኔ ነው። አንተን በጎልማሳነትህ ያውቅሃል፣ እኔንም ያውቀኛል። ይሄኛውን የሚያውቀው ልጅ ሆኖ ነው።» ይህን ብላ ደነገጠች፤ የተናገረችው በራሷ ላይ ነውና።

አጥናፉ ሁሉንም ሰማ። የእምቢ ባይን ጫፍ አስታወሰ፤ እጁ አሁንም ጠርዙን የያዘ መሰለው። የሻሹን ቢጫ አስታወሰ። የጥቁሩን ድንጋይ የአውራ ጣት ቀዳዳ አስታወሰና አውራ ጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ ተንቀሳቀሰች። ሦስቱንም እኩል ወደዳቸው፤ ጭንቁም ይኸው ነው፤ አንዱን ቢያስበልጥ ኖሮ አይጨነቅም ነበር። ለሦስቱም «ቆይ፣ አይሃለሁ» ብሏል። ራሱ ባወጣው ሕግ፣ ለሦስቱም ሐቃቸው ገና ነው።

«ብርሃኑ እየሄደ ነው፣ አባዬ» አለች ውብዓለም።

አጥናፉ ክርኑን ተደግፎ ቀና አለ። ሦስቱ ልጆች፣ ሳይነጋገሩ፣ ቋጥኝ ሥር እንደቆሙ ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ።

ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች እስካሁን አልተስማሙም። ሽማግሌዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ለሰይፈ ይፈርዳሉ፤ ሴቶቹ ውብዓለምን አስታውሰው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ በሽታ የቀመሰ ሰው ካለ ስለ ምንተስኖት ይከራከራል። አንዲት እናት ደግሞ «ዓይኑን ጨፍኖ ሦስቱንም ቢዳስስስ?» ብላ ነበር። «ያችን ብርሃን ሳይጠቀምባት?» አሏት።

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው፤ ግን ሳትቆዩ ፍረዱ፣ ቀዳዳዋ እየጠበበች ነውና። ሦስት እጆች ተዘርግተዋል፤ የሚወርደው አንዱ ብቻ ነው። አጥናፉ ፊቱን ወደ ማን ያዙር?