ጅብ አፍ ውስጥ የተገኘው አበባ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ልብስ ለብሰው ወንዝ ዳር ተጎራብተው በሚኖሩበት ዘመን፣ እናቷ ልብስ ሰፊ የነበረች አንዲት ጦጣ ነበረች። እናቷ ስትሰፋ እሷ ከሥር ቁጭ ብላ ከመቀሱ የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ትለቅም ነበር። አንድ ክረምት ወንዙ ሞላና መንደሩን ጠራርጎ ወሰደው። ጎረቤቱ በየጋራው ተበተነ፤ እናቷም ብዙ ሳትቆይ ሞተች። ለእመት ጦጣ የቀራት ቁርጥራጭ የሞላው አንድ ከረጢት ብቻ ሆነ።

በየቀኑ ከሾላው ሥር ተቀምጣ ከዚያ ጨርቅ ጆሮ ላይ የሚሰካ አበባ ትሠራለች። ክብ አድርጋ ትቆርጣለች፤ አጥፋ ጠርዙን በክር ትሰፋና ስትስበው ይሸመቀቃል፤ እንዲህ ያሉ አምስት ስትገጣጥም አበባ ይሆናል። «ይቺ የሚዳቋ የሠርግ ቀሚስ ነበረች፤ ይቺ ደግሞ የአጎቴ የአያ ዝንጀሮ ካባ» እያለች ብቻዋን ታወራለች። ያኔ የመንደሩ ጫጫታ፣ የእናቷ ሳል ሳይቀር ጆሮዋ ላይ ይመጣባታል።

አንድ ቀን እመት አንበሳ ልጇን ልትድር ሆነና «የሙሽራዋን አበባ ጦጣ ትሥራልኝ» ብላ ላከች። ቀበሮ ይህን ስትሰማ ቅናት አንገበገባት። ሥራውን ነጥቃ ራሷ ልትሞገስበት አስባ፣ ጅብን አስከትላ መጣች።

«በዚህ ቡትቶ ነው የአንበሳን ልጅ የምታስጌጪው? አገር ምን ይላል?» አለቻት። «ይልቅ ይሄን የሐር ጥቅል ውሰጂና ከረጢቱን ለኔ ስጪኝ።»

ጦጣ ከረጢቷን ደባበሰች። ግን አፈረች፤ አፍራም ሰጠች። እነሱ ራቅ ካሉ በኋላ ጥቅሉን ብትፈታው፣ ከላይ አንድ ስንዝር ሐር፣ ከሥሩ ገለባ! ራሷን ይዛ እየሮጠች ተከተለቻቸው።

ቀበሮ በመንገድ ላይ ጅብን «ከረጢቱን ተሸከም» ስትለው «ውስጡ ምን አለ?» አላት። ጨርቅ ነው ብትለው እንደማይሸከም ታውቃለች።

«ቋንጣ ነው፤ ለሠርጉ ነው። እንዳትነካ!»

«እሺ» አለ አያ ጅቦ። የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ግን ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ከነከረጢቱ አነከተው። ወዲያው ክሩ ጥርሱ ላይ ተጠመጠመ፤ ጨርቁ ጉሮሮው ላይ ተወተፈ። ቀበሮ ይህን ስታይ ጅራቷን ቆልፋ ጠፋች።

ጦጣ ስትደርስ ጅብ መሬት ላይ ይንፈራገጣል።

«በሞቴ አድኚኝ! ቋንጣው አልወርድ አለኝ!»

«የምን ቋንጣ! የእናቴ እጅ ያረፈበትን ጨርቅ ነው የበላኸው!»

ጥላው ልትሄድ ዞረች። እግሯ ግን እምቢ አላት።

«ክፈት አፍህን። ብትዘጋው ጣቴ ይቀራል።»

ክንዷን እስከ ጉሮሮው ሰድዳ አንድ በአንድ ጎተተች። ሌላው ሁሉ ወርዷል፤ ሰባት ቁራጭ ብቻ ወጣ።

ጅብ ትንፋሹ ሲመለስለት «እውነትም ትንሽ ደረቅ ያለ ነበር» አለ።

እያለቀሰች ወንዝ ወርዳ አጠበቻቸው። ሰባቱንም ገጣጥማ አንዲት አበባ ሰፋች።

በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ አበባዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ስትወጣ እመት አንበሳ ጠጋ ብላ አየች። «ይሄ የእናቴ ነጠላ ጥለት አይደለም እንዴ?» አለች። እንግዶቹ ከበቡ። «ይሄ የወንድሜ እጀ ጠባብ ነው!» «ይሄ የኔ ነው፣ ልጅ ሆኜ!» ጎርፉ ከበተናቸው ወዲህ ተነጋግረው የማያውቁት ሁሉ «ያኔ ትዝ ይልሃል?» ይባባሉ ጀመር። የቀረበው ምግብ ቀዘቀዘ፤ የሚበላው ጠፋ፤ ከጅብ በስተቀር።

በማግስቱ ጦጣ ሾላው ሥር ስትደርስ አንዲት አሮጊት አህያ ቀድማት ተቀምጣለች። ውርንጭላዋን ጎርፍ ወስዶባት ነበር፤ የቀራትን ኩታውን ታቅፋለች።

«ኮቴዬ መርፌ አይዝልኝም» አለቻት። «አንቺ ስትሰፊ ግን አጠገብሽ ልቀመጥ?»

ጦጣ አጠገቧ ተቀምጣ የኩታውን ጫፍ ጭኗ ላይ ዘረጋች፤ ከዚያም መርፌዋ ላይ ክር አስገባች።

ከዚህ የምንማረው፣ የወዳጆቻችን ትዝታ ያለበትን ነገር አረጀ ብለን አፍረንበት በአዲስ ብልጭልጭ መለወጥ እንደሌለብን ነው።